ታጥቦ የደረቀ የናፍጣ ታንክ ይበየዳል ወይ?

የመጣልኝን ጥያቄ መጀመሪያ አሳጥሬ ላስቀምጠው። ጠያቂው ባሕር ዳር አንድ የብረታ ብረት ቤት ገብቶ ሥራ ከጀመረ ስድስት ወሩ ነው። «ጋሼ፣ አንድ የጀልባ ባለቤት የናፍጣ ታንክ አምጥቷል፤ መገጣጠሚያው ላይ ያንጠባጥባል። ወደ 200 ሊትር ይይዛል። ቅዳሜ እንድበይደው ታዝዣለሁ። አለቃዬ በኦሞ እጠበውና ፀሐይ ላይ አድርቀው፣ ናፍጣ አይፈነዳም፣ የሚፈነዳው ቤንዚን ነው ይለኛል። እውነት ነው? ሌላው፣ ባለፈው ሳምንት እሱ ሲበይድ ቱቦላሬ ይዤለት ዋልኩ። ሌሊቱን ዐይኔ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስል ሲያቃጥለኝ አደረ። ድንች አድርግበት አሉኝ። ምን ባደርግ ይሻላል?» ይላል።

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ቅዳሜ ያን ታንክ እንዳትነካው። ቢያንስ ይህን አንብበህ እስክትጨርስ።

አለቃህ የነገረህ ግማሽ እውነት ነው። ግማሽ እውነት ደግሞ በእኛ ሥራ ከሙሉ ውሸት ይብሳል፤ ምክንያቱም አሥር ጊዜ ይሠራልሃል። እውነት ነው፣ ቀዝቃዛ ናፍጣ ላይ ክብሪት ብትጥልበት ብዙ ጊዜ ክብሪቱ ይጠፋል። ናፍጣ የሚቀጣጠል ትነት መስጠት የሚጀምረው ከ50 ዲግሪ አለፍ ብሎ ሲሞቅ ነው። ቤንዚን ግን ከዜሮ በታች 40 ዲግሪ አካባቢም ቢሆን ይተናል። እሺ፣ እስከዚህ አለቃህ ልክ ነው። አንተ ግን ታንኩ ላይ የምታሳርፈው ክብሪት አይደለም። የምትበይደው ብረት የሚቀልጠው 1500 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከጀርባው የተለጠፈው የናፍጣ ቅባት በሴኮንዶች ውስጥ 50ን አልፎ፣ መቶን አልፎ፣ ጭስ ሆኖ ታንኩን ይሞላዋል። አየሩ ውስጥ አለ፣ ትነቱ መጣ፣ እሳቱን አንተ ይዘሃል። ሌላ ምን ቀረ?

ደግሞስ ታንኩ ውስጥ ናፍጣ ብቻ እንደነበር ማን ነገረህ? የጣና ጀልባዎች ታንክ እኮ ከሞተር ወደ ሞተር ሲዞር የኖረ ነው። ዛሬ ናፍጣ ነው፣ ከአምስት ዓመት በፊት ቤንዚን ይሆናል። ባለቤቱን ጠይቀው። «አላስታውስም» ካለህ ቤንዚን ነበረበት ብለህ ያዘው።

አንድ ስሌት ልስጥህ፤ እኔን ያስደነገጠኝ ይኼ ነው። የቤንዚን ትነት ከአየሩ 1.4 በመቶ ያህል ሲደርስ ይቀጣጠላል። 200 ሊትር ታንክ ውስጥ ይህ ሦስት ሊትር የማይሞላ ትነት ነው። ወደ ፈሳሽ ብትመልሰው አንድ የሾርባ ማንኪያ ቢሆን ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ! ይህን የምታክል ነዳጅ እኮ ከመገጣጠሚያው እጥፋት ሥር፣ ከዝገቱ ቅርፊት ውስጥ፣ ውስጡን ከሚከፍሉት ላሜራዎች ጀርባ ተደብቃ ስትቀመጥ አታያትም። ስለዚህ ነው የቆዩ በያጆች ከሞላ በርሜል ይልቅ ባዶ በርሜል የሚፈሩት። የሞላው ውስጥ አየር የለም። ባዶው ውስጥ ሁለቱም አሉ።

ፀሐይ ላይ ማድረቁም ቢሆን ያሰብከውን አያደርግልህም። የነዳጅ ትነት ከአየር ሦስት አራት እጥፍ ይከብዳል። ክዳኑን ከፍተህ ብታስቀምጠው ወደ ላይ አይወጣም፣ ሥሩ ላይ ይተኛል። ፀሐዩ እንዲያውም ዝገት ውስጥ የገባውን ያስወጣና ያጠራቅምልሃል።

ይህን ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም የማወራህ። ልጅ ሆኜ በሠራሁበት አንድ ቤት በርሜል ለሁለት ቆርጠን ምድጃ እንሠራ ነበር። አንዱ በርሜል ታጥቦ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ ውሏል። ከእኔ የሚቀድመው ሠራተኛ በግራይንደር፣ በሚሽከረከረው የብረት መቁረጫ ዲስክ፣ ጀመረው። ልብ በል፣ ብየዳ አይደለም፣ ጋዝ አይደለም፣ ግራይንደር ነው። እኔ ጠመኔ ላነሳ ዞር ብዬ ነበር። ድምፁን አላስታውሰውም፤ የማስታውሰው ከዚያ በኋላ የነበረውን ዝምታ ነው። የበርሜሉ ክዳን አጥሩን ዘሎ ጎረቤት ግቢ ገብቷል፣ ቂጡ እንደ ድስት ወደ ውጭ ጎብጧል። ሰውየው ከጎን በኩል ተንበርክኮ ስለነበር ተረፈ። ክዳኑ ፊት ለፊት ቢሆን ኖሮ ቀብሩን ነበር የምንሄደው። እስከ ዛሬ በአንድ ጆሮው አይሰማም፣ ስታዋራው በሌላው በኩል መዞር አለብህ። ግራይንደር እሳት አይደለም የሚልህ ካለ እሱን አስተዋውቅሃለሁ።

አሁን ወደ ሥራው እንምጣ። እኔ ብሆን መጀመሪያ የማስበው እንዴት ሳልበይድ እገላገላለሁ ብዬ ነው። ያን ታንክ ከአዲስ ላሜራ መሥራት ስንት ያስከፍላል? ለባለቤቱ ዋጋውን ንገረው። የዛገ መገጣጠሚያ ዛሬ ብትበይደው በሚቀጥለው ክረምት አጠገቡ ያንጠባጥባል፣ ተመልሶ ይመጣብሃል። ቀዳዳዋ ትንሽ ከሆነች ደግሞ ለነዳጅ ታንክ ተብሎ የተሠራ፣ ሁለት ነገር ተቀላቅሎ የሚጠነክር ማጣበቂያ አለ፤ ብረቱን ፍቀህ፣ አጽድተህ ትለጥፈዋለህ፣ እሳት የለበትም። መቆረጥ ካለበትም በሴጌቶ፣ በእጅ መጋዝ፣ ዘይት እየቀባህ ቀስ ብለህ ቁረጠው እንጂ በዲስክ አይሆንም። ያደክማል፣ አውቃለሁ።

የግድ ይበየድ ከተባለ ለብቻህ አትሥራው። ስድስት ወር የሠራ ልጅ ሥራ አይደለም፤ ይህን ስልህ ልንቅህ አይደለም። ሥራው እንዲህ ነው የሚሄደው። ታንኩ ከቤቱ ወጥቶ ሜዳ ላይ ይቀመጥ፣ ብልጭታ ከሚደርስበት ራቅ ብሎ። የቀረው ነዳጅ በሚዘጋ ጀሪካን ይቀዳ። ሐይቁ ዳር ወስደህ እንዳታጥበው አደራ፤ ያን ውኃ የሚጠጣ ሰው አለ፣ ዓሣውንም የምንበላው እኛው ነን። ከዚያ ክዳኑ፣ የመለኪያው ተንሳፋፊ፣ ቱቦዎቹ፣ የማፍሰሻው ቡሎን፣ የሚፈታ ነገር ሁሉ ይፈታ። ትኩስ ውኃ በኦሞ ሞልተህ አናውጠው፣ ድፋው፣ እንደገና ሙላው። የሚወጣው ውኃ ላዩ ላይ ቀስተ ደመና የሚመስል ቅባት እስከማይታይበት ድረስ ነው። ሁለት ጊዜ አይበቃም። ስድስትም ሊሆን ይችላል።

ዋናው ግን ማጠቡ ሳይሆን ቀጥሎ ያለው ነው። የሚበየደው ቦታ ወደ ላይ እንዲሆን ታንኩን አዙረውና ውኃ ሙላው። ውኃው ከብየዳው ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ብሎ ይቁም። ትነት የሚጠራቀምበት ባዶ ቦታ አሳጣኸው ማለት ነው። ላይኛው ክዳን ክፍት ይሁን፤ ውኃው ሲሞቅ እንፋሎቱ መውጫ ካጣ እሱ ራሱ ያፈነዳዋል። ስትበይድ ከጎን ቁም፤ በሁለቱ ጫፎች ፊት ለፊት አትቁም፣ የሚበረው ጫፉ ነው። ምሳ በልተህ ስትመለስ ደግሞ ካቆምክበት ዝም ብለህ አትቀጥል። የሞቀው ዝቃጭ አንተ ስትበላ ሲተን ነበር። ውኃውን እይ፣ ክዳኑን እይ።

ሁለት ነገር እንዳታደርግ። አንደኛው፣ «ትነት አለው የለውም ልይ» ብሎ ክብሪት ጭሮ ወደ አፉ ማስጠጋት። ሳቅህ? አድርገውት አይቻለሁ። ሁለተኛው፣ የመኪና ጭስ በቱቦ ወደ ታንኩ መልቀቅ። አየሩን ያባርረዋል ነው ነገሩ። ቆሞ የሚንኳኳ የናፍጣ ሞተር ጭስ ግን ውስጡ ብዙ ኦክስጅን አለው፤ ምንም አላባረርክም፣ ጭስ ነው የጨመርክበት።

ነዳጅ አይቶ የማያውቅ ነገርም ይፈነዳል፣ ይህን ያዝልኝ። ሁለቱም ጫፉ የተዘጋ ቱቦላሬ፣ ጀልባ ሥር የሚታሰር ዙሪያውን የተዘጋ ሲሊንደር፣ ባዶ የብረት ኳስ፣ ውስጡ አየር ወይም የዝናብ ውኃ ካለ ሲሞቅ ይወጠራል። መጀመሪያ በመሰርሰሪያ አንድ ቀዳዳ አብጅለት፣ ስትጨርስ ትደፍናታለህ።

ስለ ዐይንህ ደግሞ፣ ያ ሌሊት የደረሰብህ የዐይንህ ላይኛ ሽፋን መቃጠሉ ነው። በፀሐይ ቆዳ እንደሚላጠው በለው። ብርሃኑ ሲያርፍብህ ምንም አይሰማህም፤ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት ቆይቶ ነው የሚመጣው። ለዚህ ነው ቀን ደህና ውለህ ሌሊት የሚያስጮህህ፣ ለዚህም ነው ሰው ከብየዳው ጋር የማያገናኘው። ብዙውን ጊዜ በአንድ ወይ በሁለት ቀን ራሱ ይድናል። ጨለማ ክፍል፣ ንጹሕ ጨርቅ በቀዝቃዛ ውኃ ነክሮ ከላይ መጣል፣ ፓራሲታሞል፣ በቃ። አትሸው። ድንቹ የሚጠቅመው ስለቀዘቀዘ ብቻ ነው፤ ቢላዋው፣ እጁ፣ ድንቹ ንጹሕ ካልሆኑ ግን በተላጠ ዐይን ላይ ጀርም ትጋብዛለህ። የእናት ጡት ወተትም እንደዚያው። የሚያደነዝዝ የዐይን ጠብታ ከሰው ተቀብለህ ደጋግመህ እንዳታደርግ፤ ሕመሙን ያጠፋልሃል፣ ቁስሉን ግን እንዳይድን ያደርገዋል። ሁለት ቀን አልፎ ካልተሻለህ፣ ወይ እይታህ ከደበዘዘ፣ የዐይን ሐኪም ዘንድ ሂድ።

እንዳይደገም ምን ይደረግ? ያዥ ማለት በያጅ ማለት ነው። አለቃህ የብየዳ ማስክ አድርጎ አንተ ፊትህን ዞር ማድረግህ ምንም ነው፤ ከነጭ ግድግዳ ተመልሶ ያገኝሃል። የራስህ ማስክ ይኑርህ። መስታወቱ ላይ የጥቁረቱ ቁጥር ታትሟል፣ ለተለመደው ኤሌክትሮድ ብየዳ እስከ 160 አምፔር ድረስ 10 ቁጥር ይሆናል፣ ከዚያ በላይ ወደ 11 እና 12 ትሄዳለህ። ለጋዝ መቁረጫ 4 ወይም 5 ይበቃል። ቁጥር የሌለው ጥቁር መስታወት የመስኮት መስታወት ነው ብለህ እለፈው። የፀሐይ መነጽር ጭራሽ፣ እሱ ብሌንህን ያሰፋውና ብርሃኑን ያስገባልሃል። የራጅ ፊልምም ተው። በር ላይ መንገድ ዳር የምትበይዱ ከሆነ ደግሞ አንድ አሮጌ ሸራ አቁሙ፤ ከትምህርት ቤት የሚመለሱ ሕፃናት ቆመው ሲያዩ አያለሁና ሆዴ ይንቦጫቦጫል።

ከግራይንደር የሚበር ፍንጣሪ ሌላ ጉዳይ ነው። ብረት ዐይንህ ላይ ከተተከለ በክብሪት እንጨት ወይም በመሃረብ ጫፍ አውጣልኝ እንዳትል። በሰዓታት ውስጥ ይዝግና ዙሪያውን ያቆሽሻል፣ ሐኪም በመሣሪያ ነው የሚያጸዳው። ማስክ ሥር ነጭ መነጽር አድርግ፤ የብየዳውን ቅርፊት ስትመታ ማስኩን ታነሳለህ፣ ዐይን የሚመታው ያኔ ነው።

ዲስክን በተመለከተ በአጭሩ፤ ጋርዱን፣ የዲስኩን መከላከያ፣ ፈትታችሁ በትንሹ ግራይንደር ላይ ትልቁን ዲስክ የምታስሩ ልጆች አላችሁ። ትልቁ 230 ሚሊ ሜትር ዲስክ የተፈቀደለት በደቂቃ 6600 ዙር ገደማ ነው። ትንሹ ግራይንደር 11,000 ይዞራል። ጠርዙ በሴኮንድ 130 ሜትር ይሮጣል፣ የተሠራው ለ80 ነው። ሲበተን ወዴት እንደሚሄድ አንተ አትመርጥም። ዲስኩ መሐል ባለው ቀለበት ላይ ቀን ተጽፏል፣ እሱም ያልፍበታል፤ እርጥበት ያየውን ደግሞ ጣለው። የባሕር ዳር ክረምት የዲስክ ጠላት ነው።

ስለ ጭሱ ትንሽ ልጨምርልህ፣ ምክንያቱም ጣና ዳር ለምንኖር ሰዎች ለየት ያለ ጣጣ አለው። ጋልቫናይዝድ፣ ማለትም ዚንክ የተለበጠ ቱቦ ስትበይድ ነጭ ጭስ ይወጣል፣ ጥጥ የሚመስል ነገር ይበናል። ማታ ብርድ ብርድ ይልሃል፣ ትኩሳት፣ ቁርጥማት፣ አፍህ ብረት ብረት ይልሃል። ወባ ነው ብለህ ትተኛለህ። በነጋታው ይለቅሃል፣ መድኃኒቱ ሠራ ትላለህ። ዚንኩ ነው እኮ! ከአራት እስከ አሥር ሰዓት ቆይቶ ይጀምራል፣ በአንድ ሁለት ቀን ይተዋል። ግን እዚህ አገር ወባም እውነት ስላለ ተመርመር፤ ለሐኪሙም ጋልቫናይዝድ ስበይድ ነበር በለው። ሳይነገረው ከየት ያውቃል? ቢቻል ከመበየድህ በፊት የሚበየደውን ጫፍ ዚንኩን ፍቀህ አውጣው፣ ስትፍቅም የመተንፈሻ ማስክ አድርግ።

ወተት መጠጣቱን ለምዳችሁታል፤ ጠጡ፣ ወተት ጥሩ ነው። ግን ወተቱ ሆድ ነው የሚገባው፣ ጭሱ ሳንባ። አይገናኙም። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2017 እ.ኤ.አ. የብየዳን ጭስ ሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ ከተረጋገጡት ነገሮች ምድብ አስገብቶታል፤ ሲጋራም ያለው እዚያው ምድብ ውስጥ ነው። ሻሽ አፍ ላይ ማሰር አቧራ እንጂ ይህን አይከለክልም፣ የኮሮና ጊዜ ሰማያዊው ማስክም አይከለክልም። ለደቃቅ ቅንጣት የተሠራ የመተንፈሻ ማስክ ፈልግ። እሱ ባይገኝ ደግሞ በነጻ ያለህን ተጠቀም፤ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚነፍሰውን ነፋስ ከጎንህ አድርገው። ከፊትህ ከመጣ ጭሱን ያስጎነጭሃል፣ ከጀርባህ ከመጣም ደረትህ ጋ አዙሮ ይመልሰዋል።

ኮረንቲ ላይ ሰው ይዘናጋል፤ ማሽኑ ላይ ያለው 80 ቮልት አካባቢ ስለሆነ ይንቀዋል። ደረቅ ጓንት ካለህ እውነት ነው፣ ምንም አይልህም። በላብ የራሰ ጓንት፣ ነጠላ ጫማ፣ እርጥብ ብረት ላይ ተንበርክከህ ግን ሌላ ነው። ጀልባ ሆድ ውስጥ ገብተህ ስትበይድ ደግሞ ሁሉም ዙሪያህ ብረት ነው፣ ላብህ ይንጠፈጠፋል፣ ውጭ የቆመ ሰው ከሌለ ማሽኑን የሚያጠፋልህ የለም። ኤሌክትሮድ ስትቀይር የኤሌክትሮዱን መያዣ ብብትህ ሥር እንዳትሸጉጠው፣ የቆዩ በያጆች ይህን ያደርጋሉ፣ አትከተላቸው። እዚሁ አገር ሽቦ ተጠምጥሞ የሚሠሩት ክፍት የብየዳ ትራንስፎርመሮች ላይ የሚያስፈራኝ የመግቢያው 220 ቮልት ነው፤ ቡሎኖቹ እርቃናቸውን ናቸው። እንጨት ሣጥን ሥሩለት።

ጋዝ የምትጠቀሙ ከሆነ አንዲት ልማድ ብቻ ልንገርህ። ሙቀት ሲበዛብን ኦክስጅን ከፍተን ደረታችን ላይ እንነፋ ነበር፣ አቧራም እናራግፍበት ነበር። በኦክስጅን የረሰረሰ ቱታ አንዲት ፍንጣሪ ስታገኘው አይነድም፣ ቦግ ነው የሚለው። የኦክስጅን መክፈቻ ላይም ግራሶ ወይም ዘይት ያለው እጅ አይድረስ። የአሲታይሊን፣ የሚነደው ጋዝ፣ ሲሊንደር ባጃጅ ላይ ተኝቶ ከመጣልህ ደግሞ አቁመህ ሰዓታት አሳርፈው፣ ወዲያው አትክፈተው።

ለአለቃህ ምን ትለዋለህ? «ናፍጣ ይፈነዳል አይፈነዳም» ብለህ አትከራከረው፣ ያኮርፍሃል። «ጋሼ፣ ባለቤቱ በፊት ምን ይጫንበት እንደነበር ይንገረን፣ ውኃ ሞልተን እንሥራው፣ እርስዎም አጠገቤ ይቁሙ» በለው። አጠገብህ የሚቆም ሰው ውኃውን ራሱ ይሞላዋል። እምቢ ካለህ ደግሞ ቅዳሜ ታመሃል። የታንኩን ፎቶ ላክልኝ፣ የሚያንጠባጥብበትን ጎንና ክዳኑ ያለበትን ጎን ለየብቻ፤ ማጣበቂያ ይበቃው እንደሆነ አይቼ እነግርሃለሁ።